አሥረኛው ስበት

ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣ መኪና ሲሄድበት፣
ኩኦፒዮ ከተማ፣ ጥር ወር በገባበት፣
ሂልካ ምድር ቤት ናት፤ በመስኮት አልባ ክፍል፣
የበሬ ጅማትን በስለት ስትከፍል።
ከቄራ ነው የመጣው፣ ጎህ ሳይቀድ በማለዳ፣
በበረዶ ታሽጎ፣ እንደ ክቡር እንግዳ።

መጀመሪያ ውፍረቱን። እዚህ ላይ ነው ጣጣው፤
የመለኪያው መንጋጋ ገና ሲነካካው
ይሳሳል፣ ውሃውን ይተፋል ወደ ዳር።
ሳይነካ በፊት ስንት ነበር?
ሦስት ጊዜ ትለካለች፣ ሦስት ቁጥር ታገኛለች፤
አማካዩን ይዛ፣
«ውሸት ነው፤ ግን ቅርብ ውሸት» ትላለች።

ቀጥሎ መቆንጠጫው። ጅማት ያሟልጫል፣
ከብረት ጥርስ መሐል እንደ ዓሣ ያመልጣል፤
ለዚህ ነው ጥርሱ ላይ
የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈው።
ብሎኑ ከጠበቀ ጫፉን ያደቀዋል፣
ከላላም ይለቀዋል።
ሂልካ ሁለት ወንዶች አሳድጋለች፤
አንዱ ይደውልላታል።
የብሎኑን ነገር ማንም አላስተማራት፤ በጣቷ ታውቃለች።

ውሃው ጨው ቀምሷል፤ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት።
በሬው በሕይወቱ ከዚህ ይሞቅ ነበር፤
ደንቡ ግን የሰው ነው፤ ማን ይሟገት ለከብት?

ከዚያ ሞተሩ ያጉረመርማል።
አንድ። ይሳባል፣ ይለቀቃል።
ሁለት። ይሳባል፣ ይለቀቃል።
በስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል።
የመጀመሪያው ለብቻው ነው፤ ከሁሉም ይርቃል።
አራተኛው ወደ ሦስተኛው ይጠጋል፤
ስምንትና ዘጠኝን መለየት ያስቸግራል፤
አሥረኛው መጥቶ
በዘጠነኛው ላይ ተደርቦ ይተኛል።
«አሁን መዝግብ» አለችው ያልማሪን።
«ዘጠኙስ?»
«ይጣላል። ገና ማሽኑን አልለመደም።»
ልጁ እርሳሱን ነከሰ፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጥያቄ አያሳድርም፤
«እውነተኛው ታዲያ፣ ያልለመደው አይደለም?»

ሂልካ መነጽሯን ወለወለች።
«ወጥረህ ያዘው» አለች።

ተወጥሮ ተያዘ። ርዝመቱ አልተነካም፣
ብሎኑ አልተፈታም፣ ሞተሩ አልነቃም፤
አሥራ ሁለት ኒውተን የነበረው ጉልበት
ዘጠኝ ሆነ፤ ሰባት፤
ሾርባ ጠጥተው ሲመለሱ ስድስት ከምናምን።
ማንም አልለቀቀው።
ረገበ እንጂ፣ በራሱ፤
አንዳንዱ ውጥረት እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ከላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሽቶ ነበር፤
ምድር ቤት ላለ ሰው ማንም አይነግር።
ሐይቁን በእግሯ አቋረጠች። በረዶው ከሥሯ ጮኸ።
ልጅ ሳለች አባቷ በብረት ዘንግ እየመታ
«ስሚ» ይላት ነበር፤ «ቀጭኑ ቀጥኖ ይጮኻል፣
ወፍራሙ ያጉረመርማል፤
የሚያጉረመርመውን እመኚ።»

ታውኖ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በአረጋውያን ቤት።
አርባ ዓመት በወንዝ ላይ ግንድ የነዳ ሰው፣
በሚንከባለል እንጨት ላይ ቆሞ ያልወደቀ፣
እግሩ አብጦ
በካልሲ ላስቲክ ተጨነቀ።
ካልሲውን ገለጠች፤ አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ጫነች፤
አምስት ድረስ ቆጥራ ለቀቀች።
ጉድጓዱ ቀረ፤ ሳንቲም የሚያስቀምጥ።
መቆንጠጫ የለ፣ ስክሪን የለ፣
ቆጠረች፣ ቆዳው ቀስ እያለ
ወደ ራሱ እስኪመለስ።

«ስንት ሆነ?» አላት፣ ዓይኑን ሳይከፍት።
«አርባ አንድ ሰከንድ።»
«ትናንትስ?»
«ሠላሳ ሁለት።»
«እሰይ! በዚህ ዕድሜ ሪከርድ ሰበርኩበት።»

ደግማ አልተጫነችም።
ሁለተኛው ሌላ ነው።
ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፤ ወረቀት አልፈለገችም፤
መዳፏ ላይ ጻፈች፦ አርባ አንድ፣ የመጀመሪያው።
ከዚያ ከመሳቢያው ካልሲ መረጠች፣
አሮጌውን፣ ላስቲኩ የላላውን፣
አጠለቀችለት።